አመለኛው ሳክስፎኔ

ሻንጣውን ስከፍተው ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የቆየ ከፋይ፣ የደረቀ ቡሽ፣ የታፈነ ብረት። ለዓመታት ሰው ያልገባበት ክፍል ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት አየር። ሳክስፎኑ መሀል ላይ ጋደም ብሏል። ብር ቅብ ነው ተብዬ ነበር፤ ያየሁት ግን ጥቁር ነው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ይታያል።

ደንገጥ አልኩ። ከዚያ የከናቴራዬን ጫፍ አውራ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ፣ ቤል የሚባለውን ሰፊውን አፉን ቀስ አድርጌ አሸት አሸት አደረግኩት። ከጥቁሩ ሥር አንዲት ቅጠል ብቅ አለች። ከቅጠሏ አጠገብ አበባ። ከአበባው በታች የሠሪው ስም። ሁሉም በእጅ የተቀረጸ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ መቅረጫውን እየገፋ፣ መስመር በመስመር የሠራው። መስመሮቹ እኩል አይደሉም፤ አንዷ ቅጠል ከሌሎቹ ትንሽ ትወፍራለች። ያን ምሽት ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ለአሥራ አንድ ዓመት ስነፋ የኖርኩት አዲስ ሥሪት አልቶ ሳክስፎን ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ያዘዝኩትን ይሰጠኛል። ይሄኛውን የገዛሁት ያገለገሉ ዕቃዎችን ከሚሸጥ ሰው ነው። «ይሠራል?» ብዬ ስጠይቀው «እኔ አልነፋም፣ አላውቅም» አለኝ። ግልጽነቱን ወደድኩለት። ሻንጣው ውስጥ ከሳክስፎኑ ጋር ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ወፍራም፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የተለወጠ የድሮ ማውዝፒስ ነው፤ አፍ ውስጥ የሚገባው መንፊያ ማለት ነው። ሌላኛው በአራት የታጠፈ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሳሉ ትንንሽ ክቦች አሉ። ከፊሎቹ ጠቁረዋል፣ ከፊሎቹ ባዶ ናቸው። ሁለቱንም ወደ ጎን አስቀመጥኳቸው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከሁሉም በፊት ማየት የነበረብኝ እነሱን ነበር።

ከጀርባው በኩል ቁጥሮች ተመትተውበታል። ከላይ እ.ኤ.አ. «ዲሴምበር 8፣ 1914» ይላል፤ ከሥሩ 1119954። በቃ የተሠራው በ1914 ነው ብዬ ደመደምኩ። ለጓደኞቼም ነገርኩ። ተሳስቼ ነበር። ያ ቀን የፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተሰጠበት ቀን ነው፤ ቁጥሩም የፓተንቱ ቁጥር ነው። አሜሪካ፣ ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና ውስጥ ሳክስፎን ይሠራ የነበረው ኮን የተባለው ኩባንያ ሳክስፎኖቹ ላይ ያስመታው፣ ከድምፅ ቀዳዳዎቹ አሠራር ጋር የተያያዘ ፓተንት ነው፤ የእኔ ሳክስፎን ቀዳዳዎች ከንፈርም ወደ ውጭ የተጠቀለለ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በወጡ ሳክስፎኖች ላይም ይኸው ቀን ይመታ ነበር። ያገለገለ ኮን የሚሸጡ ሰዎች አንዳንዴ «የ1914 ሥሪት» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። ዕድሜውን የሚነግረው ከሥር ያለው መለያ ቁጥር ነው። የእኔን ከሰንጠረዥ ጋር ሳመሳክረው 1920ዎቹ አጋማሽ ላይ አረፈ። ፈጣሪው አዶልፍ ሳክስ ፓሪስ ላይ ሳክስፎንን በፓተንት ያስመዘገበው በ1846 ነው። ስለዚህ ይሄ አንድ መሣሪያ የሳክስፎንን ዕድሜ ከግማሽ በላይ አብሮ ኖሮታል። ይህን ሳስብ እጄ ላይ ከበደኝ።

ከመለያ ቁጥሩ በታች አንዲት የላቲን «ኤል» አለች። የድሮ ሳክስፎን ልትገዙ ካሰባችሁ ይህችን ፊደል ፈልጓት። በዚያ ዘመን መሣሪያዎች በሁለት የተለያዩ ቅኝቶች ይሠሩ ነበር። ዝቅተኛው ዛሬ የምንጠቀምበት፣ «ኤ» የምትባለዋ ኖታ 440 ኸርዝ የሆነችበት ነው። ከፍተኛው ደግሞ ከ450 በላይ የሚሄድ ነው። በከፍተኛው ቅኝት የተሠራ ሳክስፎን ከዛሬ ፒያኖ ጋር አይገጥምም፤ ምንም ብታደርጉት አይገጥምም። ቀዳዳዎቹ ራሳቸው የተቀመጡት ለሌላ ቅኝት ነዋ! ኤሏን ሳያት በረጅሙ ተነፈስኩ።

ከዚያ ነፋሁት። የላይኞቹ ኖታዎች መጡ። ጂ ከምትባለው ኖታ በታች ስወርድ ግን ድምፁ ይሳሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። የምችለውን ያህል ጉልበት ሰጠሁት። ከንፈሬ ደከመ።

የወሰድኩላቸው ጠጋኝ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይድናል?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። የክፍሉን መብራት አጠፉ። ቀጭን የመብራት ዘንግ ወደ ሳክስፎኑ ሆድ ሰደዱና ቁልፎቹን ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ። ፓድ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ክዳን፣ በትክክል ከገጠመ ጨለማ ነው። ካልገጠመ ከጠርዙ የብርሃን ክር ይወጣል። የእኔ ሳክስፎን በጨለማው ውስጥ በየቦታው አበራ። አንዳንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንዳንዱ ጣት የሚያክል።

«አየህ ልጄ? ትንፋሽህ የሚሄደው በዚህ ነው። አንተ ከንፈርህን ትወቅሳለህ።»

ፓዶቹ ከካርቶን፣ ፈልት ከሚባለው ከተጠቀጠቀ ሱፍና ከስስ ቆዳ የተሠሩ ናቸው። ከዓመት ዓመት ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሁሉንም ቀየሩልኝ። አንዱን ሲገጥሙ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሼላክ የሚባለውን ሙጫ ጽዋ በሚመስለው ክዳን ውስጥ በእሳት አቀለጡ፣ ፓዱን አስቀመጡ፣ ቁልፉን ዘጉ፣ ክዳኑን እንደገና ትንሽ አሞቁ፤ ከዚያ በስስ ብረት የፓዱን አንድ ጎን የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ አደረጉ። መብራቱን ከተቱ። አሁንም የብርሃን ክር አለ። እንደገና አሞቁ። ለአንድ ፓድ ይህን ስድስት ጊዜ ደጋገሙት። አንድም ጊዜ ፊታቸው አልተለወጠም።

የተጠቀለለው የቀዳዳ ከንፈር ለጠጋኝ ፈተና እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ተራው ጠርዝ ሲጣመም በሞረድ ማስተካከል ይቻላል። የተጠቀለለውን ሞረድ ካስነኩት ጥቅሉ ይበላል፤ አይመለስም። ስለዚህ ከውስጥ እየደገፉ፣ በትዕግሥት እየገፉ ያቀኑታል። ጥቁሩን ይወልውሉልኝ ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ እምቢ አሉኝ። «ብሩ ስስ ነው። በኃይል ከፈተግነው ቅርጹም አብሮት ይሄዳል። በለስላሳ ጨርቅ አንተው ቀስ እያልክ አድርገው።» እስከ ዛሬ ቀስ እያልኩ ነው። አሁን ቤሉ ነጭ ነው፤ ቁልፎቹ መሀል ለመሀል ያለው ግን እንደጠቆረ ነው። እንደዚያው ይሁን ብያለሁ።

ሳክስፎኑ ሲመለስልኝ እስከ መጨረሻዋ ዝቅተኛ ኖታ፣ እስከ ታችኛው ቢ ፍላት ድረስ ወረደ። ደስታዬ ግን አንድ ቀን ነው የቆየው። ቱነር የሚባለው ቅኝት መለኪያ ፊት ስቀመጥ ቅኝቱ ተበላሽቶ አገኘሁት። የላይኞቹ ሻርፕ፣ ከቅኝቱ ከፍ ያሉ፣ የታችኞቹ ፍላት፣ ዝቅ ያሉ፣ መሀሉ ደግሞ ቀን በቀን ይለያያል። ማውዝፒሱን እያወጣሁ እያወጣሁ ሄጄ አንገቱ ላይ ካለው ቡሽ ጫፍ ሊወድቅ ደረሰ። የድሮ ሳክስፎን ቅኝት የለውም ሲባል የሰማሁት እውነት ነው ብዬ አዘንኩ።

ጠጋኙ ጋ ደወልኩ። «በምን ማውዝፒስ ነው የምትነፋው?» አሉኝ። አዲሱን፣ ውስጡ ጠባቡን፣ ድምፅ የሚያጮኸውን ነገርኳቸው። «ሻንጣው ውስጥ የነበረውስ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳክስፎን ቱቦ ከጠባብ ወደ ሰፊ የሚሄድ ነው። ግን ጫፉ እስከ መጨረሻው ሾጥጦ አያልቅም፤ ማውዝፒስ ለመግጠም ተቆርጧል። የተቆረጠው ጫፍ ይይዘው የነበረውን አየር መተካት ያለበት የማውዝፒሱ ሆድ ነው። የ1920ዎቹ ሳክስፎኖች ሲሠሩ የታሰበላቸው ማውዝፒስ ሆዱ ሰፊና ክብ ነበር። የእኔ አዲሱ ማውዝፒስ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ለማካካስ ወደ ውጭ እጎትተዋለሁ። ያኔ አንዱ ኖታ ሲቃና ሌላው ይጣመማል። ጥፋቱ የሳክስፎኑ አልነበረም።

ያን አረንጓዴ ነገር አውጥቼ በለብታ ውሃ አጠብኩት። የድሮ ጎማ ነው፤ ሲነካ የክብሪት ሽታ አለው። ሪድ፣ ሲነፋ የሚንቀጠቀጠውን ስስ የሸምበቆ ቁራጭ፣ አሰርኩበትና አንድ ረጅም ጂ ነፋሁ። የቱነሩ መርፌ መሀል ላይ ቆመ። ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወደ ታች ወረድኩ። መርፌው ትንሽ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሸሽም። ድምፁም ሌላ ሆነ። ሰፋ፣ ወፈረ። ዝቅተኛውን ዲ ይዤ ስቆይ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው እርሳስ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ አብሮ መንዘር ጀመረ። አዲሱ ሳክስፎኔ ይህን አድርጎ አያውቅም። ተነስቼ ቆርቆሮውን በእጄ ያዝኩት፤ ስለቀው እንደገና ነዘረ። ሦስት ጊዜ ነፋሁለት።

ከዚያ በኋላ አመሉን መማር ጀመርኩ።

የጂ ሻርፕ ቁልፉ ላይ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ እንደ ጥፍር ሞረድ ሻካራ ነው። መጀመሪያ ተጎድቶ ነው ብዬ ነበር። ለካ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ትንሿ ጣት ሳታይ ቦታዋን እንድታውቅ። አሁን አዲሱን ሳክስፎን ስይዝ ትንሿ ጣቴ ያን ሻካራ ትፈልጋለች። የጂ ሻርፕ ፓድ ደግሞ በየትኛውም ሳክስፎን ላይ መጣበቅ ይወዳል። ከመንፋቴ በፊት አንዴ በጣቴ ከፈት አደርገዋለሁ፤ እንደ ሰላምታ ሆኖብኛል።

አንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት አለ። ሲዞር አንገቱ በጥቂቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ማውዝፒሱን ሳትነኩ፣ የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ እንደመፈለግ፣ ቅኝቱን በእጅ ታገኙታላችሁ። እኔ ሳክስፎን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ውስጡ ንጹሕ ካልሆነ ይደርቃል፤ ስለዚህ በየጊዜው ፈትቼ አጸዳዋለሁ፣ ትንሽ ቅባት እሰጠዋለሁ።

የታችኛው ቢ ግን አስቸገረኝ። በዝግታ ስነፋው ድምፁ እንደሚፈላ ውሃ ይንቦቀቦቃል፤ ወደ ላይኛው ኦክታቭ፣ ወደዚያችው ኖታ ቀጭን ድምፅ፣ ሊዘል ይፈልጋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይፈልጋል። ፓዶቹ ይገጥማሉ፤ በመብራት አይቻለሁ። በድሮው ማውዝፒስ ቀነሰ፣ አልጠፋም። መፍትሔው በሳክስፎን ነፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። አንድ የጠርሙስ ቡሽ በቤሉ ትጥላላችሁ። ተንከባልሎ የታችኛው ኩርባ ውስጥ ይቀመጣል፤ የኩርባውን ሆድ ትንሽ ያጠበዋል። በቃ። ቢው ጸጥ ብሎ ቆመ። ሳክስፎኑን ሳጋድመው ቡሹ ሲንከባለል ይሰማል። ማታ መጨረሻ ላይ ገልብጬ አወጣዋለሁ።

መካከለኛው ሲ ሻርፕ የመጨረሻው ጣጣ ነበር። በዚህች ኖታ ላይ ሁሉም ጣት ይነሳል፤ ቱቦው ከላይ ሆኖ ክፍት ነው። የእኔ ላይ ቀጭን ናት፣ ከጎረቤቶቿ ጋር አትመሳሰልም። ከዲ ወደ እሷ ስወርድ ዜማው መሀል ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል። ጉሮሮዬን ከፈትኩ፣ ከንፈሬን አላላሁ። ተሻለ፤ ግን አልበቃኝም።

አንድ ቀን ማታ ሻንጣውን ሳጸዳ ያ በአራት የታጠፈው ወረቀት እጄ ላይ ወደቀ። ዘረጋሁት። ክቦቹን አሁን ማንበብ ቻልኩ። ስድስት ክብ፣ ሦስት ለግራ እጅ፣ ሦስት ለቀኝ። ከግራ እጁ ሦስተኛዋ ብቻ ጠቁራለች፤ አጠገቧ የኦክታቭ ቁልፍ ምልክት አለ። በላይዋ «ሲ ሻርፕ» የሚል በላቲን ፊደል። እርሳሱ ደጋግሞ የተጫነበት ስለሆነ ወረቀቱ በጀርባው በኩል ጎብጧል።

ሳክስፎኑን ከሻንጣው አነሳሁ። የግራ እጄን ሦስተኛ ጣት ብቻ አሳረፍኩ፣ ኦክታቩን ጫንኩ፣ ነፋሁ። ሲ ሻርፕ ሞላች። ከዲ ወደ እሷ ወረድኩ፤ ቀዳዳው የለም። ደግሜ ወረድኩ። ከእኔ በፊት ይህን ሳክስፎን የያዘው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚችው ኖታ ላይ ተቸግሮ ነበር። ቁጭ ብሎ ፈልጎ አግኝቷታል። እንዳይረሳት ጽፏታል።

ከቆርቆሮው እርሳስ አመጣሁ። ከእሱ ክቦች በታች፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ «ለታችኛው ቢ፦ ቡሽ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን በድሮው መታጠፊያው አጥፌ፣ ከማውዝፒሱ ጎን መልሼ አስቀመጥኩት።