ካንትሪ ከጦሳ ሥር፦ የሬዲዮ ባልደረቦቼ

ደሴ ውስጥ በሬዲዮ ካንትሪ የተባለውን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ አቀርብ እንደነበር የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም ፒያሳ ላይ ሲያገኙኝ ዘፋኞቹን ጂም ሪቭስን፣ ዶን ዊሊያምስንና ኬኒ ሮጀርስን እያነሡ ያመሰግኑኛል። ምስጋናው ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ለእኔ ብቻ መድረሱ ተገቢ አይደለም። ያ ፕሮግራም የቆመው ድምፃቸው በአየር ላይ ፈጽሞ ባልተሰማ ወይም በሌላ ሥራቸው ብቻ በሚታወቁ ባልደረቦቼ ጥረት ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ እንደማይወዱ ስለማውቅ እዚህ የምጠራቸው በሥራቸው ነው።

አስቀድሜ የማነሣቸው ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸው የነበሩትን ቴክኒሺያናችንን ነው። ጋሼ ልጅነታቸውን ያሳለፉት አስመራ ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ድረስ በቆዩበት የቃኘው ጦር ሰፈር ለወታደሮቻቸው የሚያሰራጩት የራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው፤ ስርጭቱ የታሰበው ለእነሱ ቢሆንም ሞገድን አጥር ስለማያግደው የከተማው ወጣትም ያዳምጠው ነበር። ጋሼ ካንትሪን የሰሙት በዚያ መንገድ ነው። እንግሊዝኛውን ሳይረዱ ዜማውን ለዩት፤ በኋላ ኑሮ ወደ ደሴ ሲያመጣቸው ያንን ፍቅር ይዘውት መጡ። እኔ ወደ ጣቢያው ስገባ ስለ ካንትሪ የማውቀው በየካፌው የሚሰማውን ያህል ብቻ ነበር፤ የሰዓቱ ድልድል ሲወጣና ለውጭ ሙዚቃ የሚሆን የምሽት ሰዓት ሲገኝ ካንትሪ እንድሠራ ሐሳቡን ያቀረቡት እሳቸው ናቸው።

ማይክራፎን ፊት እንዴት እንደሚቀመጡ ያስተማሩኝም በጂም ሪቭስ ነው። ጂም ሪቭስ በዘፈኑ ከመታወቁ በፊት ሉዊዚያና ውስጥ በሽሬቭፖርት ከተማ በሚገኝ ጣቢያ የሬዲዮ አቅራቢ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘፍን የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ግን ከንፈሩን ወደ ማይክራፎኑ አስጠግቶ በዝግታና በወፍራም ድምፅ መዝፈን ጀመረ፤ ዓለም የሚያውቀው ጂም ሪቭስም ይኸኛው ነው። ጋሼ የጆሮ ማዳመጫውን አድርገውልኝ ሁለቱን ዓይነት አዘፋፈን በተራ ያሰሙኝና “ልጄ፣ የምታናግረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አጠገብህ ተቀምጧል” ይሉኝ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ መናገርን፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል ትንፋሽ መተውን፣ ዘፈኑ ሲጀምር ዝም ማለትን የተማርኩት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1964 በአርባ ዓመቱ ራሱ ሲያበርረው በነበረ ትንሽ አውሮፕላን ናሽቪል አቅራቢያ ተከስክሶ የሞተው ይህ ሰው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በወሎ ምድር አንድ ጀማሪ ጋዜጠኛ እንዲህ አሠለጠነ ማለት እችላለሁ።

ጋሼ ካንትሪ የሬዲዮ ልጅ ነው ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር፤ እኔም አንብቤ እውነታቸውን መሆኑን አረጋግጫለሁ። በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ ደብሊው ኤስ ኤም የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 1925 የጀመረው የቅዳሜ ማታ ፕሮግራም በኋላ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ተብሎ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1932 ኃይሉን ወደ 50 ሺህ ዋት ሲያሳድግ መካከለኛ ሞገዱ ማታ ማታ ከሰማይ እየነጠረ ብዙ ግዛቶችን ያዳርስ ጀመር፤ ተራራ ላይ የሚኖረው ገበሬም ሆነ ከአገሩ ርቆ ፋብሪካ የገባው ሠራተኛ የራሱን ሙዚቃ በአንድ ሰዓት አብሮ ሰማ። የእኛ ኤፍ ኤም ይህ ዕድል የለውም። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ በጦሳና በአዝዋ መካከል ለተቀመጠች እንደ ደሴ ላለች ከተማ ተራራው ሁልጊዜ ፈተና ነው። ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ አድርገው ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚጓዙ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርዱ ድምፃችን እየጠፋና እየተመለሰ እንደሚሰማቸው ደውለው ይነግሩን ነበር። ከሁሉ የተጉ አድማጮቻችንም እነሱ ነበሩ። ካንትሪ ስለ መንገድ፣ ስለ ሌሊት ጉዞና ከቤት ስለ መራቅ ብዙ የሚናገር ሙዚቃ ነውና አይደንቅም። ጋሼ የመንገዱን ጠባይ ስለሚያውቁ ረጅሙን ወሬ ቀንሼ ዘፈኑን እንዳስቀድም በመስታወቱ ማዶ በእጃቸው ምልክት ይሰጡኝ ነበር።

ከእኔ በፊት ባለው ሰዓት የባህል ሙዚቃ የምታቀርበው ባልደረባዬ መጀመሪያ ላይ በካንትሪው አልተደሰተችም። ወሎ የአምባሰልና የባቲ አገር ሆኖ፣ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት አፍርቶ፣ የአሜሪካ ገበሬ ዘፈን ምን ያደርግለታል ትል ነበር። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ በአንድ ጣቢያ ያለው የአየር ሰዓት ውሱን ነውና ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው የተወሰደ ነው። ሐሳቧን ያስቀየራት የእኔ ክርክር ሳይሆን የራሷ ጆሮ ነው። አንድ ምሽት ፕሮግራሟን በማሲንቆ በታጀበ ትዝታ ጨርሳ ዕቃዋን ስትሰበስብ የእኔ መክፈቻ በቫዮሊን ጀመረ፤ ቆም ብላ አዳመጠችና “እስኪ እንደገና አሰማኝ” አለች።

እሷ ያስተዋለችውን በሙዚቃ ትምህርት ቋንቋም መግለጽ ይቻላል። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚባሉትን አምስት ድምፆች የያዘ ነው፤ ከአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች የወጡና ካንትሪ የበቀለባቸው ብዙ የቆዩ ዜማዎችም የተሠሩት በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው። በፈረስ ጭራ የሚገረፈው የማሲንቆ ጅማትና በፈረስ ጭራ የሚገረፈው የቫዮሊን ጅማት የሚያወጡት ልቅሶ መሰል ድምፅም ይቀራረባል። ባቲና አምባሰል ግን ሌላ ናቸው፤ የእነሱን መልክ ካንትሪ ውስጥ አላገኘሁትም፤ አለ የሚለኝንም አልቀበልም። ከዚያ ወዲህ ባልደረባዬ የመጨረሻ ዘፈኗን ከእኔ መክፈቻ ጋር እያዛመደች መምረጥ ጀመረች፤ ትዝታ ካስቀደመች እኔ ዶን ዊሊያምስን አስከትላለሁ። የዶን ዊሊያምስ እርጋታ ለትዝታ ጎረቤትነት የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ዚምባብዌ ድረስ ሄዶ መድረክ ላይ መዝፈኑን ስናስታውስ አፍሪካ ውስጥ የተወደደው በእኛ ብቻ እንዳልሆነ ይገባናል።

ሦስተኛው ባልደረባዬ የዜና ክፍል ሰው ነው። እንግሊዝኛው ከሁላችንም የተሻለ ስለነበረ ዜናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ለዕለቱ የመረጥኳቸውን ዘፈኖች እያዳመጠ ታሪካቸውን በአጭር አማርኛ ይጽፍልኝ ነበር። ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍያ አልነበረውም። አንድ ደንብ ነበረው፦ የታሪኩን መጨረሻ ለአድማጭ አስቀድሜ እንዳልናገር። አድማጩ ሰዎቹን ይወቅ፣ ጭንቃቸውን ይወቅ፣ ከዚያ ዘፈኑን ይስማ፤ ፍጻሜውን ከዘፈኑ በኋላ እንነግረዋለን ይል ነበር። ካንትሪን ለደሴ አድማጭ ያቀረበው ከሁሉ በላይ ይህ ደንብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደንቡ ከሁሉ የበለጠ የሠራው ኬኒ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው፣ ፈሪ እየተባለ ስላደገ ወጣት በሚተርክ ዘፈን ነው። የወጣቱ አባት እስር ቤት ሊሞት ሲል ልጁ በጠብ ከመግባት እንዲቆጠብ ቃል ያስገባዋል፤ ልጁም ቃሉን ጠብቆ ስድቡን ሁሉ ችሎ ያድጋል፤ በመጨረሻ ሦስት ወንድማማቾች የሚወዳትን ሴት ሲደፍሩበት ምርጫ ውስጥ ይገባል። ይህን በምሽት፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሰዓት እንዴት እንናገር የሚለው ስቱዲዮ ውስጥ ረጅም ውይይት አስነሣ። የባህል ሙዚቃ አቅራቢዋ ጥቃቱን ሸፋፍነን ማለፍ የለብንም፣ ነገር ግን ለወሬ ማጣፈጫም ልናደርገው አይገባም አለች፤ የዜናው ባልደረባችን ጽሑፉን ቀደደና እንደገና ጻፈው። የመጨረሻው ጽሑፍ አጭር ነበር፤ የደረሰባትን በደል በስሙ ይጠራል፣ ሌላ ምንም አይጨምርም።

ዘፈኑን ከማሰማታችን በፊት ወጣቱ ምን ማድረግ ነበረበት ብለን ጠየቅን፤ መስመሩም ተጨናነቀ። አንዳንዱ የአባት ኑዛዜ አይሻርም አለ። አንዳንዱ ደግሞ አባትየው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ራሱ ቃሉን ያነሣለት ነበር ብሎ ተከራከረ። አንድ ሽማግሌ ከደሴ ዙሪያ ደውለው፣ በእኛ አገር ደም እንዳይፋሰስ የሚያስታርቁ አበጋሮች እንዳሉና ወጣቱ ወደ እንደነሱ ያለ ሰው መሄድ እንደነበረበት በእርጋታ አስረዱ። ቀጥላ የደወለች ሴት ግን ሁሉም ስለ ወንዶቹ ብቻ እንደተናገረ፣ ስለ ተደፈረችው ሴት ግን አንድም ሰው እንዳልጠየቀ አስታወሰችን። እሷን ተከትለው የደወሉት አድማጮች ሁሉ የተናገሩት ስለዚያች ሴት ነበር። እኔ በጋዜጠኝነት ሕይወቴ ከመራኋቸው ውይይቶች ይህን የሚያህል አላስታውስም፤ መነሻውም አንድ የካንትሪ ዘፈንና አንድ ባልደረባ ከዜና ሰዓት በኋላ የጻፈው ጥቂት መስመር ነው።

ስለ ቻርሊ ፕራይድም መናገር አለብኝ። ድምፁን ደጋግመን ካሰማን በኋላ ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑን ስንናገር ብዙ አድማጭ ተገረመ። የሚሲሲፒ የጥጥ ለቃሚ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ሸክላዎቹ ወደ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሲላኩ ፎቶግራፉ አብሮ እንዳይሄድ ተደርጓል፤ በ1971 ግን የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ታላቅ ሽልማት ሰጠው። ከእሱም ቀድሞ በግራንድ ኦል ኦፕሪ የመጀመሪያ ዓመታት በአርሞኒካው ባቡር እያስመሰለ የሚጫወተው ዲፎርድ ቤይሊ ጥቁር ነበር፤ ባንጆ ራሱ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ይዘውት ከሄዱት የመሣሪያ ጥበብ የተገኘ ነው። ይህን ታሪክ ካቀረብን በኋላ “የፈረንጅ ሙዚቃ” የሚለው አጠራር በአድማጮቻችን ዘንድ እየቀነሰ መጣ።

ጋሼ ጡረታ በወጡበት ሰሞን የትኛውን ዘፈን እንደምናሰማ አልተቸገርንም። ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1992 ለዓለም ያዳረሰችው የመለያየት ዘፈን በመሠረቱ የዶሊ ፓርተን ነው። ዶሊ ከ1967 ጀምሮ በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ፕሮግራም አብራው ሠርታ፣ የራሷን መንገድ ለመያዝ ስትወስንና እሱ እሺ አልል ሲላት፣ በ1973 ዘፈኑን የጻፈችው ለእሱ ነው። ብዙ ሰው የፍቅረኞች ስንብት ይመስለዋል፤ የሥራ ባልደረቦች ስንብት ነው። ይህንን በአየር ላይ ተናግሬ የዶሊን ቅጂ ለቀቅኩት። ጋሼ በዚያ ቀንም የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ዝምታው እንዳይረዝም ወዲያው መስመሬን ከፈቱልኝ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁላችንም ተበታተንን። ኅዳር ላይ ከተሞቹ ተይዘው ከቆዩበት ሲለቀቁና ስንመለስ የዘፈን ስብስባችን አልነበረም። ያን ጊዜ የደረሱልን አድማጮች ናቸው። ከእኛ እየቀዱ ያስቀመጡትን በፍላሽ ይዘው መጡ፤ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ያመጣው ፍላሽ ውስጥ ከዘፈኖቹ ጋር የባልደረባዬ ትረካዎችም በእኔ ድምፅ ነበሩበት። ስብስቡን መልሰን የገነባነው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ፕሮግራሙን የምትመራው ወጣት ጋዜጠኛ ናት። አዳዲስ የናሽቪል ዘፈኖችን ታበዛለች፤ ከበሮው የሚበዛበትን እኔ ብዙም አልወደውም፤ ምርጫው ግን የእሷ ነው። ቢዮንሴ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የካንትሪ አልበሟን ስታወጣ፣ በአልበሙ ላይ ድምፅዋ ስለሚሰማው ስለ ሊንዳ ማርቴል፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1969 በግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ለብቻዋ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት፣ ይህች ወጣት ጋዜጠኛ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ሠራች። ከዝግጅቱ በፊት ደውላ ስለ ቻርሊ ፕራይድ የሠራነውን ጠየቀችኝ፤ እኔም የዜናውን ባልደረባዬን ስልክ ሰጠኋት። ጽሑፉን ያዘጋጀላት እሱ ነው፤ መጨረሻውን አስቀድማ እንዳትናገርም ነግሯታል።