ባክቴሪያውም ይተነፍሳል

ድሬዳዋ ዳር ባለ አንድ የዓሣ እርባታ ነው የምሠራው። የቆሮሶ ኩሬ አለን፣ ጎኑ ደግሞ የአምባዛ። ሙቀቱ ሲበረታ የኩሬዎቹ ዝቃጭ በዛ፣ ውኃው አረንጓዴ ሆነ፣ ሸተተ። ኃላፊያችን ባሲለስ የሚባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ገዛ። የተረፈ መኖና የዓሣ ኩስ የሚበላ ባክቴሪያ ነው። ከመኖ ጋር ሲሰጥም ዓሣው አንጀት ውስጥ በሽታ አምጪዎቹን ቦታ ያሳጣል። እኔ በዚህ ነገር አምናለሁ።

ግን አመሻሽ ላይ ተጨመረ። ያውም «ቶሎ ያጥራልን» ተብሎ ከታዘዘው በላይ።

ሊነጋ ሲል ዘበኛው ደወሉ። «ኧረ ድረሱ፣ ዓሣው ሊያልቅ ነው!» ስንደርስ ቆሮሶው በሙሉ ውኃው ፊት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሚተነፍስበት ስንጥቡ በኃይል ይርገበገባል። በጎኑ የተንሳፈፈም ነበር።

«ዱቄቱ መርዝ ነው፣ ተሸወድን!» አለ ኃላፊው።

እኔ ወደ አምባዛው ሄድኩ። ያው ዱቄት በዚያው ማታ እዚያም ተጨምሯል። አምባዛዎቹ ግን ሰላም ናቸው። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከላይ አየር የሚስብበት አካል አለው፤ ውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ብቅ ብሎ ይተነፍሳል። ቆሮሶ ይህ የለውም። መርዝ ቢሆን አምባዛውም በተጎዳ ነበር።

«አቦ፣ አየር አጥሯቸው ነው! ፓምፑን አስነሱ!» አልኩ። ውኃውን ወደ ላይ እየረጨን፣ ንጹሕ ውኃም እየጨመርን ብዙዎቹን አተረፍን።

ባሲለስ ዝቃጩን ሲበላ ኦክስጅን ይጠቀማል። ውኃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ የሚባለው ደቂቅ ዕፅም ቀን ኦክስጅን ቢሰጥ ሌሊት መልሶ ይወስዳል። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ነው የሚይዘው። እኛ ደግሞ ከ1,100 ሜትር በላይ ስለሆንን ከዚያም ያንሳል።

አሁን ዱቄቱን የምንጨምረው ረፋድ ላይ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው። መጠኑ በሚዛን ይለካል። የምንበጠብጠውም በኩሬው ውኃ ነው፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይጎዳል። ዝቃጭ ሲበዛ መጀመሪያ መኖ እንቀንሳለን። ዓሣው አንቲባዮቲክ በሚወስድበት ሰሞን ግን የዱቄቱን ከረጢት አንከፍትም፤ መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹንም አብሮ ይፈጃቸዋል።