የሚያበራ ቴምብር ከመግዛታችሁ በፊት

የካናዳ ቴምብር መሰብሰብ የጀመረ ሰው ገና ከመነሻው የሚነገረው ነገር አለ፦ «የሰሌዳ ቁጥር ያለበትን ጠርዝ ፈልግ።» ምክሩ ክፉ አይደለም። ችግሩ ቁጥሩ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን የሚያስረዳ ሰው መጥፋቱ ነው። እኔ እየከፈልኩ ተማርኩት። እናንተ በነፃ ውሰዱት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮዎቹ ቴምብሮች የሚታተሙት ምስሉ ደጋግሞ ከተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ሲያረጅ በሌላ ይተካል። የአታሚው ስምና የሰሌዳው ቁጥር በሉሁ ጠርዝ ላይ ይታተማል። ሰብሳቢው ቁጥሩ ያለበትን ማዕዘን ከአራት ቴምብር ጋር ሳይገነጥል ያስቀምጣል። ካታሎጎቹ አራቱንም ማዕዘን አሟሉ ይላሉ። እኔ አታሟሉ እላለሁ። በኋለኞቹ ዘመናት ፖስታ ቤቱ ጽሑፍ ያለበትን ማዕዘን ለሰብሳቢዎች ለይቶ ይሸጥ ነበር፤ ወደ ተራው መስኮት የሚሄደው ሉህ ጠርዙ ባዶ ነበር። ስለዚህ ያ ቆንጆ አራት ማዕዘን አንድም ቀን ፖስታ ላይ ሊለጠፍ ታስቦ አያውቅም። አንዱን ማዕዘን ያዙ፣ በተረፈው ገንዘብ ያገለገሉ ቴምብሮችን በኪሎ ግዙ። ደስታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አድሚራል የሚባሉትን ልጥቀስ። ጆርጅ አምስተኛ በባሕር ኃይል ልብስ የሚታይባቸው፣ ከ1911 ጀምሮ የወጡት ናቸው። በመጀመሪያ ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ ይታተም ነበር፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ምስሉም አብሮት ይጠባል። በ1922 መጨረሻ ላይ ደረቅ ወረቀት ላይ ማተም ተጀመረ፤ ምስሉ ትንሽ ሰፋ። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ማስመሪያ አይረዳም። እርጥብ መሆኑን የምታውቁትን አንድ የተቀደደ ቴምብር ከላይ ከጠርዙ ቁረጡና በሌላው ላይ አስተኙት። ወዲያው ይታያል። ስለ አድሚራል ይኼው ይበቃል።

ከሁሉ የምወደው የ1898ቱ የካርታ ቴምብር ነው። ባለ 2 ሳንቲም፣ የዓለም ካርታ ያለበት፣ የእንግሊዝ ግዛት በቀይ የተቀባበት። ከሥሩ «ገና 1898» የሚል ጽሑፍ አለው። ጥቁሩ ከተቀረጸ ሰሌዳ ታትሟል፤ ቀዩና የባሕሩ ቀለም ለየብቻ ተጨምረውበታል። የጥቁሩ ሰሌዳዎች 1፣ 2፣ 3 እና 5 ናቸው፤ 4ኛው ጥቅም ላይ አልዋለም። በጥቁሩ መስመር ላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች በማጉያ መስታወት እያዩ አንዲት ነጠላ ቴምብር ከየትኛው ሰሌዳ፣ ከስንተኛው ቦታ እንደወጣች ማወቅ ይቻላል። ጠርዝ አያስፈልግም፣ ቁጥር አያስፈልግም። ዋጋዋም ኪስ አይጎዳም። ቀዩ ለብቻው ስለታተመ አንዳንዴ ወደ ጎን ሸሽቶ ይገኛል። ከአድዋ ሁለት ዓመት በኋላ የታተመ ካርታ ስለሆነ እኔ መጀመሪያ የማየው ቀለሙ ወደ እኛ ተሻግሮ እንደሆነ ነው። ልማድ ሆኖብኛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ካናዳ በ1962 ዊኒፔግ ላይ ፖስታ ለይቶ፣ አዙሮ፣ ማኅተም የሚመታ ማሽን ሞከረች። ማሽኑ ቴምብሩ የት እንዳለ እንዲያውቅ በቴምብሮቹ ላይ በአልትራቫዮሌት የሚያበራ መስመር ተቀባ። በ1972 ደግሞ ለኦታዋ ሌላ ዓይነት ኬሚካል መጣ፤ ሰብሳቢዎች ኦፒ-4 ይሉታል። ይህ ኬሚካል አንድ አመል ነበረው፦ አርፎ አይቀመጥም። ከቴምብሩ ወደ ፖስታው፣ ከፖስታው ወደ አልበሙ፣ ከአልበሙ ወደ ጎረቤት ቴምብር ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ኦፒ-2 በሚባል አርፎ በሚቀመጥ ኬሚካል ተተካ። ኦፒ-4 የቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ዛሬ ዋጋው ከተራው በላይ ይጠራል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ተራ ቴምብር ከእውነተኛው ኦፒ-4 ጋር ፊት ለፊት ተጣብቆ ዓመታት ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ያበራል። የሚያበራውን ደግሞ ሻጩ «ብርቅ ነው» ብሎ ያወጣዋል።

የኦታዋው ፓርላማ ቤተ መጻሕፍት ያለበትን ባለ 8 ሳንቲም ገዛሁ። በሻጩ ፎቶ ላይ አንደኛው ጎን ቢጫ ሆኖ ይበራል። ሌላው ጎን ከፎቶው ውጭ ነበር። ሲደርሰኝ የቤቱን መብራት አጥፍቼ በአልትራቫዮሌት መብራት አየሁት። መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ሰያፍ። እውነተኛው መስመር በሁለቱም ጎን፣ ከጥርሱ (ከተበሳሳው ጠርዙ) ጋር ትይዩ ሆኖ ይወርዳል፤ ጫፉ ቢደበዝዝም አቅጣጫው አይጣመምም። የኔው ግን ከሌላ ቴምብር ሥር ተጣሞ የተኛ ነበር። ሻጩን ስጠይቀው «ለቴምብር መርማሪዎች ልከህ የምስክር ወረቀት አሠራ፣ አይደለም ካሉ ገንዘብህን እመልሳለሁ» አለኝ።

አሠራሁ። ክፍያው ከቴምብሩ ዋጋ ብዙም አያንስም። ወራት ጠበቅኩ። መልሱ መጣ፦ ቴምብሩ እውነተኛ ነው፤ ስለሚያበራው መስመር አስተያየት አንሰጥም። ቴምብሩ እውነተኛ መሆኑን ማን ጠየቀ? የጠየቅኩት ስለ መስመሩ ብቻ ነው! ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ክፍያው የሚመለስ አይደለም አሉ። ሻጩ ደግሞ ወረቀቱን አንብቦ «ይኸው፣ እውነተኛ ብለዋል» አለ። በሁለቱ መሐል እኔ ቀለጥኩ።

ከዚያ ወዲህ የራሴ ሕግ አለኝ። ብረት የሠራውን አምናለሁ፤ የሰሌዳ ምልክት፣ ድጋሚ የተቀረጸ መስመር፣ የምስል ስፋት። ኬሚካል የሠራውን ግን ሁለቴ ሳልጠይቅ አልገዛም። የሚያበራ የቴምብር ወረቀትም ያው ነው። «ሃይብራይት» ተብሎ የሚሸጥ ነጭ ወረቀት ከሚያበራ ፖስታ ጋር አንድ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ብርሃኑን ተበድሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቴምብር ከፖስታ ለማላቀቅ ስትነክሩ ነጭ የሚያበራውን ፖስታ ለብቻው አድርጉ፤ ሳሙና የሚባል ነገር ደግሞ ጭራሽ አታስጠጉ።

ሻጭን የቴምብሩን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም፣ የአራቱም ጎን ጥርስ የሚታይበት ፎቶ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ አለ። ወደ ምስክር ሰጪ የምትልኩ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት «ስለ መስመሩ ትወስናላችሁ ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። እውነተኛ ኦፒ-4 ከደረሳችሁ ከአልበሙ አውጡትና ለብቻው፣ ከሌላ ቴምብር ጋር በማይነካካበት ከረጢት አስቀምጡት። መብራቱን ደግሞ ረጅም ሞገድ የሚለውን ግዙ፤ ለዚህ ሥራ ርካሹ ይበቃል።