ጠጪልኝና ንገሪኝ

ጭጋጉ ከጠዋት ጀምሮ አልገፈፈም። ቱሪን በኅዳር እንዲህ ናት፤ ማዶ ያለው ፎቅ ጠፍቶ የትራሙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እንዲህ ሲሆን እኔ ዝም ማለት ያምረኛል፣ የምንከባከባቸው ጣልያናዊት እማማ ደግሞ ወሬ። “የወይን አየር ነው” አሉና ከቁም ሳጥኑ ሥር ባሮሎ የሚባለውን ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ አስወጡኝ።

እሳቸው እንደሆነ አይጠጡም። ዶክተሩ ከከለከላቸው ወዲህ ሥርዓታችን እንዲህ ነው፤ እኔ እጠጣለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። ማልበሱን፣ ክኒን መቁጠሩን ለመድኩት። የሥራዬ ከባዱ ክፍል ይኼ ሆኗል። እናቴ ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ መጀመሪያ ራሷ ትቀምስ ነበር፤ እኔ ይኸው ለማይጠጡ ሰው እቀምሳለሁ።

ሁለት ሰዓት ካናፈስኩት በኋላ በሰፊው ብርጭቆ ቀዳሁ። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ ጣቴ በማዶው ይታያል፤ ዳር ዳሩ ወደ ሸክላ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት “ውሃ ገብቶበታል እንዴ?” ብዬ ሁለት ቀን ተኮርፌያለሁ። ባሮሎ የሚጠመቅበት የወይን ፍሬ፣ ኔቢዮሎ፣ እንዲህ ነው፤ ሲያዩት የዋህ ይመስላል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ድድና ምላስን አድርቆ ይይዛል። ጥሬ ሥጋ ሲያገኝ ይለሰልሳል። እዚህም አገር ጥሬ የጥጃ ሥጋ በቢላ ከትፈው ይበላሉ፤ ሚጥሚጣ የላቸውም እንጂ፣ ምስኪኖች። ወይኑ የሚለቀመው ዘግይቶ፣ ጭጋግ መውረድ ሲጀምር ስለሆነ ስሙንም ከጭጋግ ያመጡታል። ባሮሎ ለመባል ደግሞ ሕጉ ቢያንስ 38 ወር ያስጠብቀዋል፣ 18ቱን በእንጨት በርሜል። እኔም ሶጆርኖዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እስኪወጣ ከዚህ ብዙም አላነስኩም፣ በርሜሉ ቀረብኝ እንጂ።

“እሺ፣ ምን አለ?” አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። “ጥሩ ነው” ማለት ክልክል ነው።

“ጽጌረዳ” አልኩ። “ሬንጅ።”

“እሱንማ ሁሉም ይላል። አንቺ ምን አገኘሽ?”

እንደገና ጎንጨት አልኩ። ሳላስበው “ዶቅማ” አልኩ።

እስቲ ዶቅማን በጣልያንኛ አስረዱ! ጥቁር፣ ትንሽዬ፣ መንገድ ዳር በጣሳ ተሰፍሮ የሚሸጥ፣ ምላስ የሚያቀልም፣ አፍ የሚሰበስብ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምላሳችንን እያወጣን የማን ይበልጥ ጠቆረ እንባባል እንደነበር ስነግራቸው እማማ የራሳቸውን ምላስ አውጥተው አሳዩኝ። ዕድሜ ለዶክተሩ፣ ነጭ ነው።

ከዚያ በኋላ ወይኑን ረሳሁት። ዶቅማ ከበላሁ ስንት ዓመቴ ነው? ፍሬ ነበረው? ልጣጩን እንተፋው ነበር ወይስ እንውጠው? አላስቀምጥ ሲለኝ እህቴ ጋ ደወልኩ።

“ዶቅማ እንዴት ነበር የሚለው?”

“ደህና ነሽ አንቺ? ምን ሆነሻል?”

“ጣዕሙን ነው የምልሽ።”

“ጠጥተሻል?”

“ለሥራ ነው።”

ረጅም ዝምታ። ከዚያ፦ “እኛ ሰፈር ደግሞ መቼ ነው ዶቅማ የነበረው? አንቺ የምትዪው እንጆሪ ነው። ያ ባለ ጣሳው ልጅ የሚሸጠው እንጆሪ ነበር።”

እንጆሪም ምላስ ያጠቁራል። ግን አፍ ይሰበስባል? ወይስ አፍ የሚሰበስበውን ዛሬ ከኔቢዮሎው ወስጄ ልጅነቴ ላይ ጨመርኩት? እህቴ ደግሞ የምታስታውሰው ብርቱ ነች እንዳልል፣ የራሷን የሠርግ ቀን ትስታለች።

ስመለስ እማማ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የወይን ደብተራቸው ጭናቸው ላይ ተከፍቶ፣ ከባሮሎው ስም ጎን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጽፈውታል፦ ዶቅማ። ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።

ነገ ልንገራቸው? ወይስ ሌላ ብርጭቆ ቀድቼ ላጣራ? ጠርሙሱን ሳነሳው ቀሎኛል። ስልክ ላይ ሳለሁ ማን ቀዳልኝ?