ከዶሮዎቹ በፊት ጣራውን

ይህን የምጽፈው በእንግሊዝ ሀገር የምትኖሩና ከእንቁላል እርሻ የሚወጡ ዶሮዎችን ከዕርድ አድናችሁ በጓሯችሁ ለማኖር ያሰባችሁ ሰዎች እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንዳትደግሙት ነው። ስድስት ዶሮዎችን ወደ ሊድስ ቤቴ ያመጣሁት ኦገስት 27 ቀን 2022 ነበር፤ ቀኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ካመጣኋቸው ከ72 ቀን በኋላ፣ በወፍ ጉንፋን ምክንያት በእንግሊዝ የሚገኝ የቤት ዶሮ ሁሉ ከዱር ወፍ ተለይቶ በተከለለ ስፍራ እንዲዘጋበት የታዘዘው ትእዛዝ ሥራ ላይ ዋለ፤ የእኔዎቹ የሚውሉበት ስፍራ ደግሞ ጣራ አልነበረውም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ላስረዳ። እዚህ ሀገር በእርሻ የምትያዝ እንቁላል ጣይ ዶሮ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላት የምትጥለው እንቁላል መቀነስ ስለሚጀምር፣ እርሻው በአዲስ ቄብ ይተካትና እርሷን ለዕርድ ይልካታል። የድሮው ባዶ የሽቦ ሳጥን ከ2012 መግቢያ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቢታገድም፣ ቆጥና የእንቁላል መጣያ ስፍራ ያለው ሰፋ ያለ ሳጥን ግን ተፈቅዷል፤ በዚያም ውስጥ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይበልጥም። እነዚህን ዶሮዎች ከዕርድ በፊት ተቀብለው ለቤተሰቦች የሚያድሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት አሉ። ከሁሉም የሚታወቀው በ2005 በጄን ሃዎርዝ የተመሠረተው የብሪታንያ የዶሮዎች ደኅንነት ማኅበር ነው፤ እኔ ግን የወሰድሁት ከሌላ፣ ከአነስተኛ ማኅበር ነው።

ቀላሉን ነገር ቶሎ ልለፈው። የቤቴን ውል አነበብሁ፤ ዶሮ ማርባትን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረውም፤ አንዳንድ ውሎች ግን ስላላቸው እናንተም አንብቡ። አውራ ዶሮ አላመጣሁም፤ እንቁላል ለመጣል አያስፈልግም፣ ጎረቤትም በሌሊት አይቀሰቀስም። መኖ ለአንዲት ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ይበቃታል፤ ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚሆን የተፈጨ የባሕር ዛጎል በሌላ ዕቃ ይቀመጥላታል። ከመጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከደጅ ጥግ ላይ እየለቀምሁ በእጄ ወደ ቤታቸው አስገባኋቸው፤ በሳምንቱ ለመዱት። ግማሽ ገላቸው ላባ አልነበረውም። እናቴ በስልክ ምስል ስታያቸው «ልጄ፣ እነዚህን ገንዘብ ከፍለህባቸው ነው ወይስ ሰው ጥሏቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ገንዘብ መክፈሌን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ስላልነገረኝ ለሁለት ሳምንት ያህል ሕግ ስጥስ ኖሬአለሁ። የተረፈ እንጀራ እየቆራረስሁ እሰጣቸው ነበር። በ2001 ከደረሰው አፍተ ግር ከተባለው የከብት በሽታ ወረርሽኝ ወዲህ ግን በዚህ ሀገር ከማድ ቤት የወጣ ትራፊ ለእርባታ እንስሳ መስጠት ክልክል ነው፤ ጓሮ ውስጥ ያለችው ዶሮ ስም የወጣላት ብትሆንም በሕግ ፊት የእርባታ እንስሳ ናት። የእንስሳት ውጤት ፈጽሞ የማይገባበት ማድ ቤት ብቻ ከክልከላው ነጻ ነው፤ ሕጉ የእኛን የጾም ቀን መቁጠሪያ አያውቅም። ስለዚህ ጎመን ከመደቡ ቆርጬ፣ የማድ ቤቱን ደፍ ሳላሻግር በቀጥታ አቀርብላቸዋለሁ።

ወደ ጣራው ልመለስ። የወፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው በመጸው ወራት ከሰሜን ከሚሰደዱት ዳክዬዎችና ዝይዎች ጋር ነው፤ ዶሮዋ የታመመውን ወፍ ባትነካው እንኳ ኩሱ በረገጠችው ሣር ላይ ካረፈ ይበቃል። በእንግሊዝ ዶሮ እንዲዘጋበት የታዘዘው በዲሴምበር 14 ቀን 2020፣ ከዚያም በኖቬምበር 29 ቀን 2021፣ ከዚያም በኖቬምበር 7 ቀን 2022 ነው። ሦስት ክረምት በተከታታይ ማለት ነው። እኔ ዶሮዎቹን ስወስድ ሁለቱ አልፈው ነበር፤ ማንም ሰው ግን «አራተኛው ወር ሳይደርስ ልትዘጋቸው ትችላለህና ምን አዘጋጅተሃል?» ብሎ አልጠየቀኝም። ማኅበሩ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ስለ ቀበሮ አንድ ሙሉ ገጽ ተጽፏል፤ ስለ መዝጋት ትእዛዙ ግን በግርጌው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እርሱንም ያየሁት ከረፈደ በኋላ ነው። በማኅበሩ ብናደድም ከሁሉ የሚበልጠው ንዴት በራሴ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቀለም የተቀባ፣ መስኮት ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር የእንጨት ቤት በ280 ፓውንድ ገዝቼ፣ ዶሮዎቹ ለሚውሉበት ስፍራ ከመረብ በቀር ምንም አላወጣሁም ነበር።

ትእዛዙ ይፋ የሆነው ኦክቶበር 31 ቢሆንም እኔ የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ በአውቶቡስ ዴፖ ውስጥ ከሥራ ባልደረባዬ ነው። ወዲያው ለመንግሥት የመረጃ መስመር ደወልሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ካዳመጥሁ በኋላ የተገኘችው ሠራተኛ ስንት ዶሮ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ስድስት ስላት፣ በዚያን ጊዜ የመመዝገብ ግዴታ የነበረበት 50 እና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ብቻ ስለ ነበር፣ «እንግዲያውስ መመዝገብ አይጠበቅብዎትም» አለችኝ፤ የጠየቅሁት ግን ስለ ምዝገባ አልነበረም። መረብ ብቻ ይበቃ እንደ ሆነ ስጠይቃት ከፊቴ በኮምፒውተር የከፈትሁትን ያንኑ ጽሑፍ በስልክ አነበበችልኝ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ሣር ላይ ቢወጡስ? አይፈቀድም። በቂ ስፍራ ከሌለኝስ? ለአካባቢዬ ማዘጋጃ ቤት ልደውል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ደግሞ እርሱ የሚያውቀው ስለ አይጥና ስለ ተርብ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። የትእዛዙን አስፈላጊነት አልክድም፤ በሽታው እርሻ ሲገባ የሚሆነውን አውቃለሁ። ትእዛዙን ያወጣው አካል ግን ከእርሻው ባለቤት ሌላ ዶሮ ያለው ሰው መኖሩን ያሰበበት አይመስለኝም።

በቀረኝ ጊዜ የሠራሁት ነገር ጣራ ሊባል የማይገባው ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነው የመረብ ክልል ላይ ሸራ ወጠርሁ። መመሪያ መጻሕፍቱ ለአንዲት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ይበቃል ሲሉ፣ ዶሮዋ ቀኑን በጓሮ ስትዞር ትውላለች ብለው ነው፤ የእኔዎቹ ደግሞ ስድስት ሆነው በአራት ካሬ ሜትር ላይ ሊውሉና ሊያድሩ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ውኃው በሸራው መካከል እንደ እንስራ ሆድ ተጠራቀመና ከንጋት በፊት አንዱን ቋሚ ሰብሮ ወረደ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ዶሮዎቹ ቤታቸው ውስጥ በደኅና ተኮልኩለው ነበር፤ መሬቱ ግን የሚውጥ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሸራውን መልሼ ወጠርሁት፤ ከሥሩ ሰጋቱራ በተንሁበት። ሰጋቱራው በሁለት ቀን ውስጥ ከኩሱ ጋር ተቦክቶ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለመጻፍ እስካሁን ይከብደኛል። በዚያ ወቅት ሥራ የምገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የምመለሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ስለ ነበርና በዲሴምበር በሊድስ ፀሐይ ከዚያ ቀደም ብላ ስለምትጠልቅ፣ ከእረፍት ቀኔ በቀር ዶሮዎቹን የማያቸው በባትሪ ብርሃን ነበር። የሚጭሩት አፈር፣ የሚንደባለሉበት ደረቅ ትቢያ ሲያጡ እርስ በርሳቸው ላባ መንጨት ጀመሩ። መጀመሪያ ከጀርባ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ያበቀሉት አዲስ ላባ። እኔ ይህን ላባ መጣል ነው ብዬ ተረጎምሁት። በመጻሕፍቱ ምክር የጎመን ራስ በገመድ አንጠለጠልሁላቸው፤ በአንድ ሰዓት ጨርሰው ወደ ላባው ተመለሱ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በብርሃን ሳያቸው ሎሚ የምላት ትንሿ ዶሮ ከጅራቷ ሥር ቆስላ፣ ሌሎቹ ደም ወዳዩበት ስፍራ እየተመላለሱ ይነቁሯታል። ዶሮ ደም ካየች አትተውም፤ ይህን ከልጅነቴ አውቀው ነበር፤ ግን በዚያች ጓሮ ውስጥ አላሰብሁትም።

በአቅራቢያዬ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ዶሮ እንደማያይ ነገረኝና ወደ ሌላ ከተማ መራኝ። የዚያኛው የመታያ ዋጋ ከስድስቱ ዶሮዎች ዋጋ በላይ ነበር፤ ከፈልሁ። ሎሚ በካርቶን ውስጥ ማድ ቤቴ አጠገብ ሁለት ሌሊት አድራ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከሳጥን አውጥቼ ወደ ባሰ ሳጥን ያስገባኋት እኔ ነኝ ብዬ ለብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ አሁንም አስባለሁ።

ጣራውን በመጨረሻ የሠራልኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቀው፣ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ወንድም ነው። ጓሮውን ካየ በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ በእንግሊዝ ዝናብ ላይ ሸራ?» አለኝ፤ ሌላ ወቀሳ አልጨመረም። በሁለት ቅዳሜ ሦስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ የለበሰ ክልል አቆምን። ለእያንዳንዱ ሜትር አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ዘመም እንዲልና ውኃው በአሸንዳ ወደ ውጭ እንዲወርድ አደረግን። ጎኖቹን ቀዳዳው ከ25 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ መረብ ጋረድናቸው፤ ድንቢጥ እንዳትገባ ይህ መጠን ዋና ነገር ነው። ጭቃውን ዝቀን የእንጨት ስንጥር በወፍራሙ አፈሰስን። የዛፍ ቅርፊት ግን አትጠቀሙ፤ ሲረጥብ ሻጋታ ያወጣና የዶሮዎቹን ሳንባ ይጎዳል። በአንድ ጥግ ደረቅ አፈርና አመድ የሞላ ሰፊ ገበታ አስቀመጥሁ። ለቁሳቁሱ በሙሉ ከ200 ፓውንድ በታች አወጣሁ፤ ከዚያ ውብ የእንጨት ቤት ያነሰ ማለት ነው። ላባ መንጨቱ ወዲያው አልቆመም፤ ዋናዋን ነጪ፣ ትርንጎን፣ ለአሥር ቀን በመረብ ለይቼ ካኖርኋት በኋላ ግን ቀስ በቀስ ተወችው።

ቀኑ መርዘም ሲጀምር አምስቱ በቀን አራት እንቁላል መጣል ያዙ፤ ያውም ሁዳዴ በገባ ሰሞን። በዚያ ዓመት ጾሙ የጀመረው ፌብሩዋሪ 20 ነበርና ለ55 ቀናት ከሁለት መቶ በላይ እንቁላል አንድም ሳልቀምስ ለጎረቤት አደልሁ። ፋሲካ ኤፕሪል 16 ዋለ፤ ትእዛዙ የተነሣው በማግስቱ ማዕዶት አልፎ ማክሰኞ ኤፕሪል 18 ነው። ከተዘጉ 162 ቀን ሆኗቸው ነበር።

እንግዲህ ለሚጀምር ሰው የምለው ይህ ነው። ጣራውን ሳትሠሩ ዶሮ አትውሰዱ፤ ለአንዲት ዶሮም አንድ ሳይሆን ሦስት ካሬ ሜትር ደረቅ ስፍራ አስቡ፤ መጻሕፍቱ ያሉትን ተዉት። በመጸው አትውሰዱ። ማኅበራቱ ዓመቱን ሙሉ ያድላሉ፤ «ቦታው ሞልቷል፣ ዛሬ ካልተወሰዱ ይታረዳሉ» የሚለው ጥሪም ልብ ይነካል፤ ግን ላባ ያልሸፈናትን ዶሮ በኦክቶበር አምጥቶ በኖቬምበር መዝጋት ማዳን አይደለም። ሦስት ዶሮ ይበቃል በሚሉትም አልስማማም፤ እነዚህ ዶሮዎች ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉ ስለ ሆኑ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ሁለቱ ቢሞቱ ሦስተኛዋ ብቻዋን ትቀራለች። ቤቱ ከእንጨት ይልቅ የፕላስቲክ ይሁን፤ የእኔው ቀለም የተቀባ ቤት በ2023 በጋ በየስንጥቁ ቅንቅን ገብቶበት ዶሮዎቹ ማታ አንገባም ሲሉ ነው የነቃሁት፤ በማግስቱ ፈትቼ አቃጠልሁት። ምዝገባውንም አትለፉት፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ አንዲት ዶሮ ያለውም ሰው መመዝገብ ግዴታው ነው። እኔ ቀደም ብዬ በፈቃዴ ተመዝግቤ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያው ዴፖ ውስጥ ሳይሆን ስልኬ ላይ ይደርሰኝ ነበር።

ከስድስቱ አሁን የቀረችው ትርንጎ ናት፤ ያቺው ነጪዋ። ብቻዋን መሆን ስለሌለባት አራት ሌሎች ለመቀበል ስሜን አስመዝግቤአለሁ፤ ማኅበሩ ቀን ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያቀረበልኝ ሴፕቴምበርን ነበር። ሜይ ይሁንልኝ ብዬ መለስሁ፤ እስከዚያው ከቆርቆሮው ሁለት ቅጠል ጨምሬ ክልሉን ወደ አጥሩ እያስረዘምሁት ነው።