«ቢፊት» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት ያዝኳት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለሰው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ፣ የምስክር ወረቀትና የጥሪ ካርድ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ደንበኞቼ የሚያመጡት አማርኛ ክብር ይበዛበታል። «ለክብራቸው የሚመጥን አቀባበል»፣ «ለእናትነቷ የሚገባ ስንብት»፣ «ከአንድ የአገር ሽማግሌ የማይጠበቅ ንግግር»። ይሄን ሁሉ «ጉድ» እና «ናይስ» እያሉ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ክብሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰውየው የሚያከብራቸውን ሰው አስቦ፣ ቃል መርጦ፣ በአማርኛ አሳምሮ ጽፎ መጥቶ እኔ እንግሊዝኛው ላይ ማራከስ የለብኝም። ለዚህ ነው ቢፊትን በደንብ ልያዛት ብዬ የተነሳሁት። በእንግሊዝኛ ፊደል ቢ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ አይ፣ ቲ ናት።

መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ «ተስማሚ መሆን» ይላችኋል። ውሸት አይደለም፤ ግን አይበቃም። ስንት ነገር ይስማማል! ምግብ ለሆድ ይስማማል፣ አየሩ ለጤና ይስማማል፣ ቀጠሮው ለሁለታችንም ይስማማል። ቢፊት ለአንዱም አትሆንም።

ስለዚህ ትርጉሙን ለጊዜው ተውኩትና ጎረቤቶቿን መመዝገብ ጀመርኩ። ጋዜጣም ይሁን የታሪክ መጽሐፍ፣ ቃሏን ባገኘሁበት ቦታ ሁሉ ከፊቷ ያለውን በደብተሬ ግራ፣ ከኋላዋ ያለውን በቀኝ እጽፋለሁ። በግራ በኩል የተሰበሰቡት አቀባበል፣ ቀብር፣ ድግስ፣ ቤት፣ ልብስ፣ ጠባይ ናቸው። በቀኝ በኩል ደግሞ ንጉሥ፣ እንግዳ፣ ዳኛ፣ በዓል፣ ዕድሜ፣ ሹመት። ያኔ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ግራው ላይ ያለው የሚደረግ ወይም የሚቀርብ ነገር ነው፤ ቀኙ ላይ ያለው ክብር ያለው ሰው ወይም ክብር ያለው ቀን። ቢፊት በመሃል ቆማ የምትናገረው ይሄኛው ያንኛውን እንደሚመጥን ነው።

ምሳሌ ለማግኘት ደግሞ ጎንደርን የሚያህል የለም። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን መናገሻ አድርገው ያሠሩት ግንብ «ኤ ካስል ቢፊቲንግ አን ኤምፐረር» ቢባል ልክ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት የሚመጥን ግንብ። ቁስቋም ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም «ቢፊቲንግ አን ኤምፕረስ» ነው። ቅዳሜ ገበያ ገብታችሁ ጃኬት ስትለኩ ግን ሌላ ነው። ልካችሁ ከሆነ «ፊትስ»፣ ካማረባችሁ «ሱትስ»። ሻጩ «ያምርብሃል ወንድሜ» ሲል ሱትስ ማለቱ ነው። ያንኑ ጃኬት ለብሶ ችሎት ላይ መቀመጥ ለዳኛ ይመጥናል ወይ የሚል ጥያቄ ሲነሳ ነው ቢፊት የምትመጣው።

አንድ ቀን የቅኔ መምህር የሆኑ አባት ደብዳቤ ሊያስጽፉ መጡ። ሥራው እስኪያልቅ ስለዚህ ቃል አጫወትኳቸው። «የኔታ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉታል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ይደሉ» አሉ። «በቅዳሴ ካህኑ አእኵትዎ ለአምላክነ ሲል ሕዝቡ ምን ይመልሳል? ርቱዕ ይደሉ። እሱ ነው።» ቀጥለውም የግሱን ሥር አስረዱኝ። ደለወ መዘነም ማለት ነው፣ ተገባም ማለት ነው፤ መዳልው ሚዛን የሚባለውም ከዚያው ወጥቶ ነው። ይሄን ስሰማ የኛው «ይመጥናል» ከመጠን መምጣቱ ትዝ አለኝ። ግዕዙ ይመዝናል፣ አማርኛው ይለካል። ከዚያ ወዲህ ቢፊትን ስጽፍ በአንደኛው ወገን ሥራውን፣ በሌላው ወገን ሰውየውን አስቀምጣለሁ፤ ካልተመጣጠኑ ቃሏን አልነካትም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ «ይገባል» ነው። የኛ ይገባል ሥራው ብዙ ነው። «ሽልማቱ ይገባዋል» ሲሆን ደክሞበታል፣ ለፍቶበታል ማለት ስለሆነ እንግሊዝኛው «ዲዘርቭ» ነው። «መሄድ ይገባሃል» ሲሆን «ሹድ» ነው። «ነገሩ ይገባኛል» ሲሆን መረዳት ነው። «እንደ ማዕረጉ የሚገባው አቀባበል» ሲሆን ብቻ ነው ቢፊት። ይገባልን ባየሁ ቁጥር «እንደ ማዕረጉ» ወይም «እንደ ክብሯ» የሚል ሐረግ ከፊቱ አስገብቼ አነበዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ካልተንገራገጨ ቢፊት ትሠራለች፤ ከተንገራገጨ ሌላ ግስ እፈልጋለሁ። እስካሁን ከሞከርኩት ሁሉ የጠቀመኝ መንገድ ይሄ ነው።

ዘመዶቿንም ማወቅ ይጠቅማል። «ቢሁቭ» የምትባል አለች። አሜሪካኖቹ በሁለት ኦ ይጽፏታል፣ እንግሊዞቹ በአንድ ኦ ጽፈው ቢሆቭ ይሏታል። እሷ ግዴታ ላይ ታተኩራለች፤ «ኢት ቢሁቭዝ ዩ» ብላ ነው የምትጀምረው፤ ልታደርገው ይገባሃል፣ ብታደርገው ይበጅሃል እንደማለት። «ቢካም»ም «ሆነ» ከሚለው ሌላ እንደ ቢፊት «ይገባል፣ ይመጥናል» የሚል ትርጉም አላት። በጥምቀት የምንሰማውን ወንጌል አስቡት፤ ጌታ ለዮሐንስ «እንዲህ ጽድቅን ሁሉ መፈጸም ይገባናልና» ያለውን። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «ኢት ቢካሜዝ አስ» ይላል። ከአዳዲሶቹ ትርጉሞች አንዳንዶቹ «ፊቲንግ» አሉት። ኤፌሶን ላይ «ለቅዱሳን እንደሚገባ» የሚለውም በዚያው በድሮው ትርጉም በቢካም ነው የተጻፈው። አማርኛና እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ ለእንዲህ ዓይነት ቃል የሚያህለው አስተማሪ የለም። ቤታችሁ ሁለቱም ካሉ ዛሬውኑ ሞክሩት።

ሰዋስዋን በአጭሩ ልንገራችሁ። ባለቤቷ ብዙውን ጊዜ ነገር ነው፤ «እኔ ቢፊት አደርጋለሁ» ዓይነት አነጋገር የላትም። አሁን እየተደረገ ነው በሚለው ጊዜም አትነገርም። በብዛት የምታገኟት በሁለት መልክ ነው፤ «አዝ ቢፊትስ» ብላ ሐረግ ስትከፍት፣ ወይም «ቢፊቲንግ» ሆና ከስም ኋላ ስትቆም። ከቢፊቲንግ ቀጥሎ «ኦፍ» የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልጨምርም፣ ያለሱ ይጠራል። አጻጻፍ ላይ ደግሞ ከ«ቤነፊት» ጋር እንዳትምታታባችሁ። ቤነፊት ጥቅም ነው። ቢፊት ድምፁ ከፍ የሚለው መጨረሻዋ ላይ ስለሆነ ቢፊቲንግ ሲሆን ቲው ይደገማል፤ ቤነፊት ግን መጀመሪያው ላይ ስለሚከብድ አንድ ቲ ይበቃዋል። የተማሪዎች ማመልከቻ ላይ ሁለቱ ተቀያይረው ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ኮምፒውተሩም ሁለቱንም ትክክለኛ ቃል ብሎ ስለሚያልፋቸው ቀይ መስመር አያሰምርም።

ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው ለአንዲት ጡረታ ለወጡ መምህርት የተዘጋጀ የምስክር ወረቀት ነው። ኮሚቴው ያመጣው አማርኛ «ለዘመናት ድካማቸው የሚመጥን ምስጋና» ይላል። ውጭ አገር ያሉ ተማሪዎቻቸውም ስላዋጡበት እንግሊዝኛው አብሮ ይታተማል። «ሱተብል» ብል ምስጋናው የበቃ ያህል ይሆናል፤ ለእሳቸው አያንስም ወይ? «ዊዝ ግራቲቱድ ቢፊቲንግ ኤ ላይፍታይም ኦፍ ቲቺንግ» ብዬ ጻፍኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደጋግመው አነበቡትና «ልጄ፣ ይሄ ቃል አልከበደም?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የእሳቸው ሥራስ መቼ ቀሎ ያውቃል?» አልኳቸው። እንዳለ ይታተም አሉ። ያው ገጽ ላይ ግን ሌላ ከባድ ቃል አላስገባሁም። አንድ ገጽ ላይ አንድ ቢፊት ይበቃል፤ ሁለተኛዋ ስትመጣ የመጀመሪያዋም ትቀላለች።

አንድ የቀረኝ «ኢት ኢል ቢፊትስ» የሚለው ነው፤ አይመጥንም፣ አያምርበትም ማለት ነው። ሳይሳደብ የሚወቅስ አነጋገር ነው፣ የአቤቱታ ደብዳቤ ላይ ኃይል አለው። «እንዲህ ያለ አነጋገር ከአንድ የሥራ ኃላፊ አይጠበቅም» ለማለት የተሻለ አላገኘሁም። ግን ፊርማው የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልጽፈውም። በዕድሜም በሥራም የተከበሩ ሰው ሲፈርሙበት ተግሣጽ ይሆናል። ለሥራ የሚያመለክት ወጣት ሲፈርምበት ግን ተቀባዩ እንደ ድፍረት ነው የሚያነበው፤ ለእሱ በለዘበ ቃል እጽፍለታለሁ፣ ለምን እንደሆነም ቁጭ አድርጌ አስረዳዋለሁ።