9 ለ 8 ተሸንፎ 9 ለ 0 የመለሰው ካዛኪስ

ፑል እየወደዳችሁ ወርልድ ፑል ማስተርስን አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ በጣም ነው የማዝንላችሁ። በፈረንጆቹ 1993 የተጀመረ የናይን ቦል ውድድር ነው፣ ገንዘብ ከፍሎ ተመዝግቦ መግባት የለም፣ ከተጠራህ ትሄዳለህ ካልተጠራህ ቤትህ ሆነህ ታያለህ። ለብዙ ዓመት 16 ተጫዋች ነበር የሚጋበዘው፣ በ2019 ወደ 24 ከፍ አደረጉት። ዝግ ነው፣ ለአዲስ ልጅ በር አይከፍትም ብለው የሚያማርሩ አሉ፣ ውሸት አይደለም፣ ግን ትልልቆቹ ኦፕን (ሳይጋበዝ ተመዝግቦ የሚገባባቸው) ውድድሮች ላይ ከመቶ በላይ ሰው በአንዴ በብዙ ጠረጴዛ ሲጫወት የቱን ልይ ብለህ ስትዋልል ነው የምትውለው። ማስተርስ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነው፣ መብራቱም ካሜራውም ተመልካቹም እሱ ላይ ነው። የተሸናፊዎች ዙር ምናምን የለም፣ አንዴ ከተሸነፍክ ሻንጣህን ትሸክፋለህ።

ህጉን ለማያውቅ ባጭሩ፣ ከ1 እስከ 9 ያሉ ኳሶች ናቸው፣ ነጯ ሁልጊዜ መጀመሪያ መንካት ያለባት ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ነው፣ 9ኟን በህጉ ያስገባ ራኩን ማለትም ያንን ዙር ይወስዳል፣ ውጤቱም የሚቆጠረው በራክ ነው። ፋውል ከሰራህ ባላንጣህ ነጯን በእጁ አንስቶ የፈለገበት ቦታ ያስቀምጣታል፣ በዚህ ደረጃ ላሉ ሰዎች ደግሞ ይሄ ማለት ብዙ ጊዜ ራኩ አለቀ ማለት ነው።

እኔ ግን ከምንም በላይ የምወደው ፑሽ አውትን ነው። ብሬኩ፣ ማለትም የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነው የመጀመሪያ ምት፣ ተመታ እንበል፣ አንድ ኳስ ገባች፣ ግን 1 ቁጥር ከ6 ቁጥር ጀርባ ተደብቃለች። ተጫዋቹ ፑሽ አውት ብሎ ካሳወቀ ነጯን ወደፈለገበት መግፋት ይችላል፣ ምንም ኳስ ባትነካም ፋውል አይባልም። ከዛ ምርጫው የባላንጣው ነው፣ ወይ ራሱ ይመታል ወይ አንተው ምታ ብሎ ይመልስለታል። ስለዚህ ቀላል ነገር ከተውክለት ይወስዳታል፣ በጣም ከባድ ካደረግክበት ደግሞ ለራስህ ተመልሳ ትመጣለች። እና ምን ያደርጋሉ፣ ነጯን ጠርዙ ጋ ለጠፍ አድርገው 1 ቁጥርን በረጅም ርቀት በቀጭኑ የምትመታ ያደርጓታል፣ እኔ አስገባታለሁ አንተ ግን ትፈራለህ ማለት ነው። አንድም ኳስ ሳይገባ እንዲህ የሚያስጨንቅ ነገር አላየሁም።

አሁን ርዕሱ ላይ ወዳለው ካዛኪስ ልምጣ። አሌክሳንደር ካዛኪስ ግሪካዊ ነው፣ በ2019 ጂብራልታር ላይ ፍጻሜ ደርሶ በስፔናዊው ዴቪድ አልካይዴ 9 ለ 8 ተሸነፈ። ሁለቱም 8 ላይ ሆነው በአንድ ራክ ዋንጫ ማጣት እኮ ቀልድ አይደለም። በ2020 ኮሮናው መጣና ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ፣ በ2021 እዛው ጂብራልታር ሲደረግ ሰውዬው እንደገና ፍጻሜ ገባ፣ ባላንጣው ደግሞ ሼን ቫን ቦኒንግ፣ አሜሪካ ያላት ምርጥ ተጫዋች። ውጤቱ 9 ለ 0! ቫን ቦኒንግን የሚያህል ብሬኩ የሚፈራ ሰው ባዶ። ናይን ቦል ላይ እኮ ተራህ ካልደረሰ ምንም ማድረግ አትችልም፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ስቲክህን ይዘህ የሌላውን እጅ ማየት ብቻ ነው፣ ተራህ ደርሶ ስትነሳ ደግሞ እጅህ ቀዝቅዟል።

ለዚህ ነው ጀርመናዊው ራልፍ ሱኬ ያደረገው ነገር የሚገርመኝ። ማስተርስን 6 ጊዜ ነው የወሰደው፣ የመጀመሪያው በ1994 የመጨረሻው በ2011። ረጅም ጨዋታ ቢሆን ጎበዙ ቀስ በቀስ ይለያል፣ እንዲህ ባጭሩ በሚያልቅ ጥሎ ማለፍ ላይ ግን ሁለት መጥፎ ብሬክ ሊያባርርህ ይችላል። ሱኬ አያካብድም፣ አይቸኩልም፣ አንዳንዱ ይሰለቸዋል እኔ ግን አይሰለቸኝም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኳሶቹ ሲደረደሩ 1 ቁጥር ስፖቷ (ጠረጴዛው ላይ ያለችው የመደርደሪያ ነጥብ) ላይ ስትሆን ዳር ያለችው ኳስ በብሬክ ኮርነር ውስጥ በቀላሉ ትገባ ነበር፣ ሁሉም ተምሮት አንድ አይነት ሆኖ ቀርቶ ነበር። አሁን በብዙ ውድድር 9ኟን ነው ስፖቷ ላይ የሚያደርጉት፣ አደራደሩ ወደፊት ስለሚመጣ ያቺ ኳስ እንደድሮው አትገባም። አንዳንድ ተጫዋቾች አልወደዱትም፣ እኔ ግን በጣም ተመችቶኛል፣ ብሬክ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ማሸነፍ ትንሽ ይክበድ።